የኦቦ ቶላ ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ብስራተ ገብርኤል ያሉት የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሰው ማማቴን፣ ረቡዕ ቀን ማኪያቶ መጠጣቴን፣ እናቴን ሳልጠይቅ መሰንበቴን እዘረዝራለሁ። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ወገቤን ያመኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትንንሾቹን እየሰጠሁ ትልቁን ደብቄያለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ድፍረት አትበሉት።

ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሕንፃው ምድር ቤቱ የቤት ዕቃ መሸጫ፣ አንደኛው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ነው፤ እኛ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነን። የማስተምረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለተጻፉ የውጭ አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። የዚያ ዘመን ደራሲዎች ጀግና አይወዱም። ሰይፍ የሚመዝ፣ ልጅቱን የሚያስጥል የለም። አንድ ሰው በዝናብ ይሄዳል፣ አንዲት ሴት ደረጃ ላይ ቆማ ታመነታለች፣ አለቀ። ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ ታሪኩ የታለ?” ይሉኛል፤ እኔም ይህችን ጥያቄ በጉጉት ነው የምጠብቃት። “ታሪኩ ምልክቱ ውስጥ ነው” እላለሁ፣ ኮቴን አስተካክዬ። መጽሐፉ የሚለው ትእምርት ነው፤ ግን ትእምርት ሲባል ከኋላ የተቀመጡት ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ምልክት እላለሁ። ዝናቡ ምልክት ነው። ደረጃው ምልክት ነው። የተሰነጠቀው መስታወት ምልክት ነው።

እኛ ሠፈር ግን ምልክት ማለት ሌላ ነው። ቤትህ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈበት ማለት ነው፤ ይፈርሳል ማለት ነው። “እነ እገሌ ምልክት ተደረገባቸው” ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔስ ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። በየቀኑ በታክሲ ሳልፍ አየው ነበር። ክፍል ስገባ ግን የማውቀውን ሁሉ በር ላይ ጥዬ ነበር የምገባው።

ጫልቱ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከሌሎቹ ትበልጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እየሠራች ከሰዓት ትማራለች። አባቷ ኦቦ ቶላ ላፍቶ እርሻ በነበረ ጊዜ ያረሱ ሰው ናቸው። መሬቱ እየተሸነሸነ አልቆ የቀራቸው አንድ ቤት፣ አንድ የከብት በረትና ሦስት ላሞች ነበሩ። ወተት ለኮንዶሚኒየሙ ይሸጣሉ። ከቤቱ ፊደል የቆጠረች እሷ ብቻ ናት፤ የመብራት ቢል ሲመጣ፣ የስብሰባ ጥሪ ሲመጣ፣ አባቷ በሁለት እጃቸው ይዘው ለእሷ ነው የሚሰጧት። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየሳቀች፤ “የአባቴ ሚኒስትር ነኝ” ብላ።

የዚያን ሳምንት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር፦ በዚያ ዘመን ደራሲዎች መንገድ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ጻፉ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ መቼት፣ አንድ ምልክት፣ ለዓርብ። ሰኞ ከክፍል ስወጣ ስልክ እያወራሁ ነበር። ጫልቱ በኮሪደሩ ተከትላኝ መጣች። በእጇ አራት ገጽ ወረቀት ነበር። “ቲቸር፣ ይቺን ያዩልኛል? ለዓርብ ናት” አለችኝ። ሌላም ነገር ተናግራለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እኔ በጆሮዬ ስልኩን እየሰማሁ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት፣ ወረቀቱን ተቀብዬ ከሌሎቹ የቤት ሥራዎች ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያ የቤት ሥራ አልነበረም። የአባቷ ቃል ነበር። በረታቸውና ቤታቸው ላይ ምልክት ተደርጎ ነበር፤ አዲስ የሚሠራው መንገድ የሚነካው በረቱን ብቻ እንደሆነና ቤቱ ላይ የተቀባው በልኬት ስህተት እንደሆነ አባቷ ያውቃሉ፤ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉ። ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ በሦስት ምስክር አስፈርሞ ያስገባ፣ እንደገና ይለካለታል ብሎ ወረዳው አስታውቋል። ኦቦ ቶላ በኦሮምኛ ተናገሩ፣ እሷ እየተረጎመች ጻፈች። ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ ወደሚጽፉት አልወሰደችውም። የሥነ ጽሑፍ መምህር እያላት! ከላይ “ጉዳዩ” የምትለውን ጨምሬ፣ አማርኛውን አቃንቼ እንድመልስላት ነበር ያመጣችልኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮዬ ተቀምጬ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። እንዲህ ይላል፦ “ግድግዳዬ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ጠዋት ስነሳ አለ። ላሜን ሳልብ ዞር ብዬ አየዋለሁ። ላሚቱም ታየዋለች። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ቤት አልነበርኩም። ሣር ልገዛ ሄጄ ነበር። ሣር የምገዛ ሰው ሆኛለሁ። ድሮ ሣር የሚገዛ ሰው አላውቅም ነበር። ይህ ቤት ሚስቴ የሞተችበት ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ሆኜ እሷን እንዴት እንደማስታውስ አላውቅም።”

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ስንት ዓመት ስወተውት የኖርኩት አጭር ዐረፍተ ነገር፣ የማይጮህ ሐዘን፣ ያልተብራራ ምልክት ይኸው መጣ! ከኦሮምኛ የተገለበጠውን ንግግር ስልት ነው አልኩ። ሽማግሌው ሳይናገሩ ያለፉትን ሆን ብላ በጥበብ ያስቀረችው ነው አልኩ። ኅዳጉ ላይ “ግሩም ምልክት!” ብዬ ጻፍኩ። “ላሚቱ የሰው ልጅ ብቸኝነት ምስክር ናት” ብዬ ጻፍኩ። “መጨረሻው ክፍት መሆኑ ብስለት ነው” ብዬ ጻፍኩ። ከሃያ አሥራ ስምንት ሰጠሁት። ለአንድ አባት ስሞታ ከሃያ አሥራ ስምንት!

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተትማ ይቅር ይባላል። በዚህ አቁሜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጫልቱና እኔ እየሳቅን የምናወራው ቀልድ ነበር። የእኔ ኃጢአት ረቡዕ ይጀምራል።

ረቡዕ ዕለት ዲናችን ክፍል ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ነበር፣ ሁለት ሰዎች ተፎካክረናል፣ ሁለታችንንም እያስተማርን ሊያዩን ነው። እኔም የተዘጋጀሁበትን ትቼ ያንን ወረቀት አወጣሁ፤ የማን እንደሆነ ሳልናገር ማንበብ ጀመርኩ። ጫልቱ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ከአባቷ ጋር ወረፋ ይዛ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። እንቅልፋሞቹ እንኳን ቀና አሉ። አራተኛውን ገጽ ጨርሼ፣ ሌላ መስመር ካለ ብዬ ገለበጥኩት።

ከጀርባው ሦስት የአውራ ጣት አሻራ ነበር፣ በሐምራዊ ቀለም። ከእያንዳንዱ አጠገብ ስም። ከበላዩ ደግሞ በጫልቱ እጅ “ይህ ቃል እውነት ነው፣ ድንበሩን እናውቃለን” ተብሎ ተጽፏል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። እወቁልኝ፣ ሁሉም ነገር! ኮሪደሩ ላይ ከንፈሯ ያለውን ሁሉ ያኔ ሰማሁት። በእነዚያ ልብ ወለዶች መጨረሻ ላይ ሰውየው በድንገት ራሱን የሚያይበት ቅጽበት አለ፤ እኔ የመገለጥ ቅጽበት እለዋለሁ፣ አንድ ሙሉ ሳምንት አስተምረዋለሁ። ያ ቅጽበት ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ “እሺ፣ ቀዩ ምልክት ምንድን ነው?” ብዬ ተማሪዎቼን ጠየቅኩ።

መለሱልኝ። አንዱ የጦርነት ደም ነው አለ። አንዷ ሽማግሌው ገና በሕይወት እያለ ሞቱ የተጻፈበት ነው አለች። አንዱ ደግሞ የዘመናዊው ሰው ከራሱ መለየት ነው አለ፤ ይቺን ከእኔው ነው የቀዳት። ማናቸውም ቤት ሊፈርስ ነው አላሉም። እኔ ምልክት ማለት ሌላ ነገር ማለት ነው ብዬ አስተምሬያቸዋለሁና። ዲኑ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ። “ግሩም ነው፤ የማን ነው?” አሉኝ። አንዲት ቃል ነበር የምትቀረኝ። “የውጭ ነው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

ለምን እንዲህ አልኩ? ዘጠኝ ዓመት ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ መልሱ አጭር ነው። የልጅቱ ነው ብል ጠርተው ያመሰግኗታል፣ እሷም እውነቱን ትነግራቸዋለች፤ አቤቱታና ልብ ወለድ የማይለይ የሥነ ጽሑፍ መምህር ብለው ይስቁብኛል። ሳቅ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። የሱቋን ሥራ አስፈቅዳ ነው፤ ላብ አጥምቋታል። “ቲቸር፣ አዩልኝ?” አለች። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር፣ ወረቀቱ ቦርሳው ውስጥ ነበር። በቀይ የተሞነጫጨረ፣ “ግሩም ምልክት!” የተጻፈበት፣ ከሃያ አሥራ ስምንት ያገኘ ወረቀት። ብሰጣት እንዴት ታየኛለች? ሰጥቻት፣ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ አብሬያት ሄጄ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ካሉበት፣ ገጠርም ቢሆን፣ ሄጄ ራሴ ለምኜ አስፈርሜ ቢሆንስ? ዓርብ ስድስት ሰዓት ሊሞላ አንድ ቀን ሙሉ ነበረኝ። እኔ ግን “የቱን?” አልኳት።

“ሰኞ የሰጠሁዎትን፣ የአባቴን።”

“ምንም አልሰጠሽኝም እኮ ጫልቱ። ልትሰጪኝ አስበሽ ይሆናል።”

አየችኝ። ዋሽተዋል አላለችኝም። አንድም ጊዜ በዓይኗ እንኳን አልተጠራጠረችኝም፤ የተጠራጠረችው ራሷን ነው። “ኮሪደሩ ላይ… ስልክ እያወሩ…” ብላ ጀመረችና ተወችው። “ወይኔ! ወይኔ አባቴ! የት ጣልኩት?” አለች። እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አብሬያት ፈለግኩ። ክፍሉን አስከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በየወንበሩ ሥር እያየሁ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አቧራ እስኪሆን ፈለግኩላት። ጽዳቷንም ጠርቼ ጠየቅኩላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፣ አስቤበት ነው የተናገርኩት።

ያን ቀን ከትዝታዋ እንደገና ጻፈችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና ፈረሙላት። ሦስተኛው፣ ድንበሩን ከሁሉ የሚያውቁት፣ ረቡዕ ለቀብር ወደ ገጠር ሄደው ኖሮ የተመለሱት ቅዳሜ ነው። ዓርብ በሁለት አሻራ ብታቀርበው ያልተሟላ ነው ተብሎ ተመለሰ። ሁለት ጎረቤቶቻቸው አሟልተው አስገብተው ነበር፤ እንደገና ተለካላቸው፣ በእርግጥም ልኬቱ ተሳስቶ ነበር፣ ቤታቸው ዛሬም ቆሟል። የኦቦ ቶላ ቤት ከበረቱ ጋር ፈረሰ። ላሞቹን ሸጡ። አባትና ልጅ ሀና ማርያም አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ጫልቱ በዚያው ወሰነ ትምህርት ኮሌጁን ተወች፣ ኪራዩን የሚከፍል ሌላ ሰው የለማ። እኔ ኃላፊ ሆንኩ።

ያንንም ጽሑፍ ማስተማር አላቆምኩም። ዲኑ ስለወደዱት ማቆም አልቻልኩም፤ “ደራሲው ያልታወቀ፣ ትርጉም” ብዬ በየዓመቱ አባዝቼ አድያለሁ። ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ። “የሽማግሌውን ገጸ ባሕርይ ከመቼቱ ጋር አያይዘህ አብራራ፣ አሥር ነጥብ።” ሰው ይህን ያደርጋል? እኔ አድርጌዋለሁ፣ አራት ዓመት።

ከዚያ አንድ ቀን ሀና ማርያም ታክሲ ስጠብቅ “ቲቸር!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጫልቱ ናት። ከስታለች፣ ግን ያው ሳቋ። አሁንም እዚያው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እንደምትሠራ ነገረችኝ። አባቷስ? ታመዋል፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። “ከእኔ ጋር ይነጋገራሉ፣ ይመርቁኛልም” አለችኝ፣ “ወረቀት ብቻ አይሰጡኝም። የመጣ ወረቀት ካለ ግቢ ውስጥ ላለችው ተከራይ ነው የሚያስነብቡት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ።” ይህን ስትል አልሳቀችም። የአባቴ ሚኒስትር ነኝ ያለችው ልጅ ናት እኮ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ አይጡ ደግሞ ፊቷ ቆሞ “አይዞሽ” ይላታል።

“ይምጡና ይጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል” አለችኝ። ሄድኩ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ይህን እመኑኝ ወይም አትመኑኝ፣ ለውጥ የለውም። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። ኦቦ ቶላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ረጅም ሰው ናቸው፣ ክፍሉ ጠቧቸዋል። ጫልቱ “አባ፣ አስተማሪዬ ናቸው” አለቻቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ብዙ አዩኝና ተቆራርጦ በሚወጣ አማርኛ “አስተማሪ ነህ?” አሉኝ።

“አዎ አባባ።”

“ወረቀት መያዝ ለምን አላስተማርካትም?”

እጄ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው። ወረቀቱ ደረቴ ላይ ነው። ጫልቱ ብርቱካኑን ሳህን ላይ እየደረደረች ነበር፣ አቆመች፣ አንገቷን ደፋች። ኮቴን ከፍቼ እጄን መስደድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ሌላ ምንም። ልጅዎ አልጣለችውም፣ እኔ ነኝ ማለት። ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ያውም አጭር አጭር፣ ሳስተምረው የኖርኩት ዓይነት።

“ልክ ነዎት አባባ” አልኳቸው።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ዲኑን የዋሸሁት ደንግጬ ነው ልበል፤ ሐሙስ ዕለት የዋሸኋት አፍሬ ነው ልበል። ይህን ግን ምን ልበለው? አራት ዓመት አስቤ፣ ተዘጋጅቼ፣ ብርቱካን ገዝቼ ሄጄ፣ ልጅቱን በአባቷ ፊት እንደገና ከሰስኳት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጄን ለቀቁ፣ ብርቱካን ብላ አሉኝ። በላሁ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ማስተማር አቆምኩ። ይህን እንደ መልካም ሥራ እንዳትቆጥሩልኝ፤ ምልክቱ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ያቆምኩት። ኦቦ ቶላ ከዚያ በኋላም አምስት ዓመት ኖሩ። አምስት ዓመት! ከቢሮዬ እስከ ቤታቸው በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ እል ነበር፣ ቅዳሜ ሲመጣ ሥራ ይኖረኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል የሰማሁትን የተማመንኩ ይመስል እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ።

ባለፈው ወር ሞቱ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጫልቱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጥታ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ለአክስቷ አስተዋወቀችኝ። “ያን ጊዜ ወረቀቱን ስጥለው አብረውኝ የፈለጉት ቲቸር ናቸው፣ ከወንበር ሥር ተንበርክከው” አለቻቸው። አክስቷ እግዜር ይስጥልን አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ጫልቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እስከ መጨረሻው አልሰጡኝም ቲቸር። የሆስፒታሉን ወረቀት እንኳን ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሞቱት” አለችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት፤ የቀረበልኝን ንፍሮ ይዤ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

አሁን ብነግራት ምን አገኛለች? ንጹሕ መሆኗን ታገኛለች፤ ንጹሕ ናት ብሎ ወረቀት በሁለት እጁ የሚያቀብላት ሰው ግን ከአፈር በታች ነው። ይቅር በይኝ ብላትም ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ፣ ያን ዓይነት ሰው ናት። እኔ ቀልሎኝ እወጣለሁ፣ እሷ ያን ሁሉ ዓመት እንደ አዲስ ታለቅሰዋለች። ይህን ሰበብ አድርጌ ነው ዝም ያልኩት ብላችሁ ብትጠረጥሩ ልክ ናችሁ፤ ሰበብ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጫልቱ ስሟ አይደለም። ኦቦ ቶላም ቶላ አይባሉም፤ ሱቁም ጨርቃ ጨርቅ አይሸጥም። ለቤተሰቡ ክብር ብዬ የቀየርኩት መስሏችሁ እንዳታመሰግኑኝ። እሷ ማንበብ ትወዳለች፤ ይህ እጇ ቢገባ ራሷን እንዳታውቅ ነው።